የአርባ ሰከንድ ዝምታ

የሆስፒታሉን ኔትወርክ የምትይዘው ባለሙያ ወደ እናቶች ክፍል የተጠራችው ስክሪን ተበላሸ ተብላ ነበር። ስትደርስ ስክሪኑ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነችው እናትየዋ ናት። ያለጊዜዋ የተወለደችው ልጇ ማዶ ባለው ሕንፃ በጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች። እናትየዋ የቀዶ ጥገናው ቁስል ስላልጠገገላት የምታያት በስክሪን ብቻ ነው። ጠዋት ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። የልጅቷ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ተወ። እናት ስፌቷን በእጇ ደግፋ ስትሮጥ፣ ኮሪደር ላይ የያዘቻት ነርሷ ናት።

ባለሙያዋ ምስሉ ምን ያህል እንደቆመ እናትየዋን ጠየቀቻት።

«እኔ እንጃ እህቴ። ለእኔ ዓመት ነው።»

አርባ ሰከንድ ነበር። ጠዋት መንገድ ቆፋሪዎች ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘውን የፋይበር ገመድ በጥሰውት ነበርና ወዲያው ገባት። መልእክቱን የሚያሻግሩት የሁለቱ ሕንፃዎች ራውተሮች በየአስር ሰከንዱ «አለሁ» ይባባላሉ፤ አራት ጊዜ ድምፅ ሲጠፋ ነው መስመሩ ሞቷል ብለው ወደ መጠባበቂያው የሬዲዮ መስመር የሚዞሩት። እንዲያ ያደረገችው ራሷ ናት፣ መስመሩ ለኢሜይል ብቻ ሳለ አርባ ሰከንድ ምን አላት ብላ። አፈረች።

ፋይበሩ እንደተጠገነ በማዶው ሕንፃ ለሚሠሩት አንጋፋ ቴክኒሻን፣ ለጋሼ ደወለች። ኬብል መግጠም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ራውተሮቹ ከሰከንድ ባነሰ ልዩነት «አለሁ» እንዲባባሉ በሁለቱም ጫፍ መስተካከል ነበረበት። እሷ ታዲያ ተቻኩላ በሰከንድ ሃያ ጊዜ አደረገችው። የማዶው አሮጌ ራውተር መልስ ማድረስ አቃተው፤ ደህናውን መስመር ሞተ እያለ ምስሉን ከወዲያ ወዲህ ያንገላታው ጀመር።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ይጠበቃል» አሉ ጋሼ።

«ጥፋቴን ላርም ብዬ እኮ ነው።»

«ምን ጥፋት አለው? ያኔ በዚህ መስመር ልጁን የሚያይ ሰው አልነበረም።»

በሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቴ ሲጠፋ ይዙር ተባባሉ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁት፤ ጸና።

የቀረው መፈተን ነው። ለእናትየዋ ሳትነግር ልታደርገው ትችል ነበር፤ ሆዷ አልቻለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ጋሼ ገመዱን ይነቅላሉ። ምስሉ ቢቆም የቆመው መስመሩ ነው፣ ልጅሽ አይደለችም። አንዴ ተንፍሺ፣ ይመለሳል።»

እናት እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ጋሼ በስልክ ለባለሙያዋ ነቀልኩ አሏት። ምስሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ቀጥ አለና ተመለሰ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታዛጋለች፤ ማዛጋቷ እናትየዋን ሁሉን ነገር አስረስቷታል።

«መቼ ነው የሚነቅሉት?» አለች።

«ነቅለዋል።»

እናትየዋ ሳቋ መጣ፤ ስፌቷ ስላመማት ሆዷን ይዛ ታገለችው። ሥራ የሚጠብቃት ባለሙያም እጇን አላስለቀቀችም፤ ልጅቷ እስክትተኛ አብረው አዩዋት።

በሳምንቱ ሐኪሞቹ ፈቅደው እናትየዋ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ማዶ ተሻገረች። ወንበሩን የገፉት ጋሼ ናቸው፣ ሌላ ሰው አላስነካም ብለው። ባለሙያዋ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ያኮረፈ ፕሪንተር ታባብል ነበር። ልጅቷ የእናቷን ጣት ይዛ አልለቅም እንዳለች የነገረቻት ነርሷ ናት።