የፆመኛዋ ጣት

እማማ ማሚቱ አንድ ገንቦ ማር በአህያ አስጭነው ከብልባላ ላሊበላ ሲመጡ፣ ምራታቸው ፋና ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ነፍሰ ጡር ያማራት ከቀረባት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣበታል፤ ይህን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። ፋናን ምን እንዳማራት ግን አልጠየቋትም። ማር ያላማራት እርጉዝ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁማ!

እንደደረሱ የሰሙት ወሬ ከመንገዱ ይልቅ አደከማቸው። ጤና ጣቢያው ለፋና «የእርግዝና ስኳር አለብሽ» ብሏታል። ማር ክልክል፣ ለስላሳ ክልክል፣ እንጀራው በልክ፣ ምስርና ጎመኑ በርከት፣ ከበላች በኋላ ደግሞ እግሯን ማፍታታት። ምሳ በበላች በሁለት ሰዓቱ ጣቷን በመርፌ ጠቅ አድርጋ፣ ጤና ጣቢያው ባዋሳት ትንሽ መለኪያ ደሟን ትለካለች። ቁጥሩ ከመቶ ሃያ እንዳያልፍ ተነግሯታል። መለኪያው የለካውን ሁሉ ስለሚያስቀር ሲስተር ፅናት በየሳምንቱ ከፍታ ታየዋለች።

«ኧረ ወዲያ! ስኳር የሆቴል ሰው በሽታ ነው» አሉ እማማ ማሚቱ። «አንቺን ምን ቆርጦሽ!»

«እርግዝናው ነው እማማ። ሰውነት ስኳሩን መቆጣጠር ያቅተዋል አሉ። ካልተጠነቀቅሁ ልጁ ከልክ በላይ ይገዝፍና ምጡ ያሰጋል።»

«መግዘፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? ባልሽ ዘውገ ሲወለድ አዋላጇ ‹ይሄ ሰው ነው ጥጃ?› ነው ያለችኝ!»

ዘውገ አስጎብኚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈረንጅ ይዞ ስለሚዞር ቤቱ ለሁለቱ ሴቶች ተለቋል። እማማም ጊዜ አላጠፉም። ለፋና ምሳ ተልባ መበጥበጥ ጀመሩ፤ ተልባው ውስጥ ደግሞ አንድ ጭልፋ ማር ዱብ።

«እንዴት ጣፈጠ እማማ?»

«የወገል ጤና ተልባ ነዋ! ከተፈጥሮው እንዲህ ነው።»

ፋና ላሊበላ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የተልባ አገሩን በምን ትለየው? ደግሞ የጣፈጠን ነገር ማን ይመረምራል? ግጥም አድርጋ ጠጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በሳምንቱ ሲስተር ፅናት መለኪያውን ከፍታ ፊቷ ተለወጠ። መቶ ሰማንያ፣ መቶ ዘጠና፣ እንደገና መቶ ዘጠና። «ፋና፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ተደብቀሽ ምን ትበያለሽ?»

«ምንም! ማርያምን ምንም!»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንትም ካልወረደ ወደ ሆስፒታል እልክሻለሁ። የኢንሱሊን መርፌ መጀመርሽ ነው። ልጁን አደጋ ላይ መጣል አልችልም።»

ፋና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማ ማሚቱ አጠገቧ ተቀምጠው የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥሩ ጀመር። አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። ግን ያሳዘናቸው መርፌው እንጂ ማሩ አልነበረም። ጥፋቱ የመለኪያው ነው ብለው ነበርና የሚያምኑት፣ ማታለል ያለባቸውም እሱን ነው።

መላው የመጣላቸው በማግስቱ ነው። ወሩ ሁዳዴ ነው። ፋናን የነፍስ አባቷ ከፆሙ ቢፈቷትም፣ እማማ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ታዲያ ምሳ ከበላ ሰው ደም ይልቅ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ፆመኛ ደም አይነጻም? ስኳር ከየት መጥቶ?

ስምንት ሰዓት ሲሆን ፋናን «ዛሬ በደንብ ተንሸራሸሪ» ብለው አስወጧት። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሲያዩት የሰነበቱትን አንድ ሳያስቀሩ አደረጉ። ጣታቸውን ጠቅ፣ ደሙን የመለኪያው ወረቀት ላይ ጠብ። ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ገበያ አስተምሯቸዋል።

ሁለት መቶ ሰባ አንድ።

«ይሄ ዕቃ አብዷል!» ሌላ ጣት ወጉ። ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት። ፋና በሩን ገፍታ ስትገባ አማቷ ጣታቸውን እንደ ሕፃን አፋቸው ውስጥ ከተው መለኪያውን በቁጣ እያዩ ነበር።

ነገሩ ሲገባት ፋና ሆዷን ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ከዚያ ቁጥሩን አየችና ሳቋ ጠፋ። «እማማ፣ እውነት ከትናንት ወዲህ ምንም አልቀመሱም?»

«ውሃ እንኳ! ጥሙ ዘንድሮ እንዴት እንደጠናብኝ እያየሽኝ አይደል?»

«እንግዲያው ስኳሩ ያለው እርስዎም ጋ ነው።»

እያጉረመረሙ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። ሲስተር ፅናት ደግማ ለካቻቸው፤ መለኪያው አላበደም። «ስንት ወለዱ እማማ?»

«ስድስት። ሁሉም ወፋፍራም!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«ሁሉም በደኅና ተወለዱ?»

 ወሬ አጥተው የማያውቁት እማማ ማሚቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡት። «ሁለቱ አላለቀሱም» አሉ በመጨረሻ። «ከሁሉም ግዙፎቹ እነሱ ነበሩ። ወንዶች። ዓይን በላቸው ብዬ ነበር።»

«የዚያን ጊዜውን እርግጡን ማወቅ አይቻልም» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። «ግን ያልታወቀ ስኳር እንዲህ ያደርጋል።»

«ፋናን ተያት» አሉ እማማ። «ማሩን ተልባው ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ። ልጁን ልገድለው ነበር።»  ፋና እጃቸውን ያዘች እንጂ አልተቆጣችም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ወታደር ቤት ሆነ። እማማ መድኃኒታቸውን እየዋጡ፣ የንስሐ አባታቸው ፆሙን ስላቀለሉላቸው እያኮረፉ፣ ፋናን ከምሳ በኋላ ዳገት ያስወጧት ጀመር። እንጀራ ስትደግም እጇን ይመቷታል። «ልጅ ነው የምትወልጂው ጥጃ?» ይሏታል፣ አያፍሩም። ቁጥሩም ወረደ፤ ኢንሱሊንም ሳያስፈልጋት ወሯ ገባ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ሦስት ኪሎ። ጩኸቷ ግን የማዋለጃ ክፍሉን በር አልፎ ውጭ ድረስ ተሰማ። እማማ ማሚቱ አዩዋት፣ ሰሟት፣ ዓይናቸው በእንባ ግጥም አለ። ከዚያ እልልታውን ለቀቁት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው፤ እሳቸው ግን ሦስቱ ላይ አላቆሙም። ሰባት ጨመሩ። እንደገና ሌላ ሰባት ጀመሩ።

«እማማ፣ ሴት ናት እኮ!» አለች ሲስተር ፅናት እየሳቀች። «ሦስት ይበቃታል!»

«የሷን ጨርሻለሁ» አሉ እማማ ማሚቱ ትንፋሻቸውን እየሳቡ። «ይሄ የሁለቱ የዘውገ ወንድሞች ነው፤ ያኔ ያልተባለላቸው።»