የሰሊጥ ዘይት የጠጣው ካምቢዮ

ሾፌር የሚባል ፍጡር ካምቢዮ ምን እንደሆነ አያውቅም። እጁን ማርሹ ላይ ጭኖ፣ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አንተርሶ ይነዳል፤ ሲሰበርበት ድንገት ነው ይላል። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ካምቢዮ ስፈታ ኖሬ ድንገት የተሰበረ አንድም አላየሁ።

ባለሀብቱም ከሾፌሩ አይሻልም። አቶ አዛናው ሽንፋ ላይ ሰሊጥ የሚያለሙ የጎንደር ሰው ናቸው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ፒክአፕ ከገዙ ወዲህ፣ ስለ ጉልበቱ ሲያወሩ ራሳቸው የሚጎትቱት ይመስላል። ያን ሁሉ ጉልበት የሚያውሉት ግን ጭቃ የያዘው ትራክተር ለመጎተት ነው።

ባለፈው ሐምሌ ይኸው መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰዎች እየገፉ ጋራዤ አስገቡት። ሾፌሩ አያ ዋኘው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ስለዚህ አንቱ እያልሁ ነው የምሰድባቸው። የካምቢዮውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቼ፣ ሳላየው ናፍጣ ያለበት ሳህን ውስጥ ወረወርሁት። የወረደው ጥቂት ዘይት ሽታው ግራ አጋባኝ። በጣቴ ነክቼ ቀመስሁት። የሰሊጥ ዘይት ነው።

አያ ዋኘው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት አንድ የቀን ሠራተኛ ከእርሻው ጭነው ሲመጡ፣ የካምቢዮው ዘይት መንገድ ላይ ፈሶ አለቀ። የካምፑ ወጥ ሠሪ ውባንች ከተማ ላሉት ልጆቿ የላከችው አምስት ሊትር የሰሊጥ ዘይት መኪናው ላይ ነበርና እሱን ሞሉበት።

"አያ ዋኘው፣ ለሚቀጥለው ሽንኩርቱንም ያክሉበት" አልኋቸው።

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሌላ ስድብ ጨመርሁባቸው። እዚያው ቆመው ሳሉ ለአቶ አዛናው ደወልሁና ሾፌርዎ ካምቢዮው ላይ ወጥ ሠርተውበታል አልሁ። አቶ አዛናው የአሥራ አንድ ዓመት ሾፌራቸውን በዚያው ስልክ አባረሩ። አያ ዋኘው ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ካምቢዮውን አወረድሁ። የሦስተኛው ማርሽ ጥርሶች ረግፈዋል፤ ሁለት ኩሽኔታዎች ተቃጥለዋል። ዕቃው ከጎንደር እስኪመጣ ስምንት ቀን ፈጀ። ዘንጎቹን አጥቤ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ ደርድሬ፣ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች መትቼ አስገብቼ ስዘጋው፣ በእጅ ሲዞር ድምፅ እንኳ የለውም። እንዲህ አድርጎ የሚገጥም ሰው ከዚህ እስከ ጎንደር የለም፤ ትሕትና አልወድም።

የቀረው የማፍሰሻው ቡሎን ነበር። ከናፍጣው ሳወጣው አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ተጣብቆበታል፤ ግማሹ ተበልቶ አልቋል። የነጠላ ጫማ ሶል ነው። ቆርጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የፋሲካ ዋዜማ ዕለት ዘይቱን የሚገታው የመዳብ ሮንዴላ አልቆብኝ፣ በግ ልገዛ ቸኩዬ፣ ለጊዜው ይይዛል ብዬ ነበር። ለአያ ዋኘውም አልነገርኋቸው፤ ለሾፌር ምን ይነገራል? ዘይቱ የፈሰሰው በዚያ በኩል ነው። አፈርሁ።

ሆስፒታሉ ግቢ ሄድሁ። አያ ዋኘው ያን ዘመድ የሌለውን የቀን ሠራተኛ እያስታመሙ እዚያው ሰንብተዋል። ሰውየው ተርፎ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ቀለበቱን አሳየኋቸው።

"አውቀዋለሁ" አሉ። "መንገድ ላይ ከሥር ገብቸ አይቸዋለሁ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቸ አስተነፈስኸኝ?"

ወዲያው ለአቶ አዛናው ደውዬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋቸው። ሳቁብኝ። ሽማግሌው አልቅሶብህ ነው፣ መካኒክ በራሱ ላይ ሲመሰክር ሰምቼ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ቃልህ ይበቃኛል አሉ። መልሼ ደወልሁ፤ አላነሱም።

በማግስቱ አዲሱ ሾፌር፣ የአቶ አዛናው የእህት ልጅ ወንድማገኝ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ መጥቶ መኪናውን ተረከበ። ፍሪሲዮኑን በቅጡ ሳይረግጥ ማርሹን ጎተተው። ካምቢዮው ተንቋቋ። ልሰድበው አፌን ስከፍት አያ ዋኘውን ከመንገዱ ማዶ አየኋቸው፤ በሽተኛውን ደግፈው የጎንደር አውቶቡስ ይጠብቃሉ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሞተሩን ጉልበት ያደንቃል። ያን የካምቢዮ ድምፅ ሰምተን ፊታችን የተጨማደደው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።