ከፓራፋንጎ የወጣ ጎማ

ሽቦ ፒክአፗን የገዛት ከፍ ተደርጋ ከተሠራች በኋላ ነው። የቀድሞው ባለቤት ባሌስትራዋን አስለውጦ፣ ሰውነቷን ከመሬት አስነስቶ፣ ከዚያ ምን እንዳታከተው እንጃ፣ ጎማ ሳይቀይርላት ሸጣት። እናም በዚያ ቁመቷ ላይ ትንንሽ ጎማዎቿን አድርጋ ስትቆም የታናሽ ወንድሙን ጫማ ተውሶ ሰው ፊት የቀረበ ሎጋ ጎረምሳ ትመስል ነበር። ሰፈርተኛው ሳቀባት። ሴት አያቱ ግን አልሳቁም። ለእሳቸው ከፍ ያለ ነገር ሁሉ መውደቂያው ነው ቀድሞ የሚታያቸው። ልጁ ገና በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ ወንበር ባዩ ቁጥር ዓይናቸው የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ላይ ነበር።

ሽቦ ያሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ቀጭን ነው፣ ቢያጎብጡት አይሰበርም። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። እናቱ ሌላ ትዳር ይዛ ሩቅ ሄደች። አባቱ፣ የእሳቸው አንድያ ልጅ፣ ከተራራው ማዶ ድንጋይ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት ደህና ዋይ ብሎ ወጣ፤ መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ሬሳ አመጡላቸው እንጂ ልጃቸውን አላመጡላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያንን ተራራ ላለማየት ሲሉ የልብስ ማድረቂያውን ገመድ እንኳ ከፊት ለፊት ፈትተው ከጓሮ አሰሩት።

አሁን ደግሞ ልጁ ያንኑ ተራራ ልውጣ አለ። አናቱ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሠራተኛና ቧንቧ የሚያመላልስ ፒክአፕ ከነሾፌሩ ይፈልጋል። የቀረው ጎማ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ ነገ ጎማ ልገዛ ነው። አንቺ ካልመጣሽ አልመርጥም።»

እንዲህ ማለቱ ለወግ አልነበረም። ባለቤታቸው ጎሚስታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤታቸው ደጃፍ ጎማ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው እዚያው ደክመው አረፉ። እሳቸውም ጎን ለጎን ብረቱን ይዘው ሲፈለቅቁ፣ ጎማ በመዳፍ ሲዳብሱ፣ ጎኑን በአውራ ጣት ሲጫኑ ኖረዋል። የባላቸው ደንበኞች ሳይቀሩ «እትዬ ይንኩልኝማ» ይሉ ነበር። በዚያ ቤት ስለ ጎማ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ቃል ነው።

ታዲያ አያትየዋ የሚያውቁት፣ ልጁ ግን የማያውቀው ሌላ ነገር ነበር። ወተት የምታመጣላቸው ሴት በቀደም ለት በር ላይ ቆማ አጫውታቸዋለች።

«የወንድሜን መኪና እኮ ከድርጅቱ በር መለሱት! ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቷል አሉት። በዓይን እንዳይመስልዎት፣ ገመድ ወጥረው ነው የሚለኩት። ከጭቃ መከላከያው አንዲት ጣት ካለፈ፣ ደህና ሁን ነው።»

«አይ ጉድ» ብለው ወተቱን ተቀበሏት። ለማንም አልተነፈሱም።

የጎማው ሱቅ የጋለ ላስቲክ ይሸታል። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጣሪያ ጎማ ነው፤ መሐል ላይ የጎማ ቀዳዳ የሚፈተሽበት ውሃ የሞላ በርሜል ቆሟል። የሱቁ ባለቤት ሙያውን የተማረው ከአያትየዋ ሟች ባል ነው። ሲያያቸው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ።

«እትዬ! ምን እግር ጣለዎት? ሞቱ ብለው ቢነግሩኝ አምን ነበር።»

«ልሞት ነበር፤ ይሄ ልጅ ጊዜ አልሰጠኝም።»

ሰውየው ስቆ አንድ ጎማ እያንከባለለ አመጣ። ጥቁር የብረት ቸርኬ የተገጠመለት፣ ቀጠን ብሎ ረዘም ያለ ጎማ ነው፤ ውበት የሚባል አልፈጠረበትም። «ከፍ ላለ መኪና ልኩ ይሄ ነው» አለ። «ጎኑ ጭነት ይችላል። ፓራፋንጎው ውስጥ ልክክ ይላል፣ መሪ ሲዞር የትም አይነካም።»

የሽቦ ዓይን ግን ገና ከበሩ ጀምሮ ሌላ ቦታ ነበር። «ይሄኛውስ?»

ቸርኬው አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ፊት ያሳያል። የለበሰው ጎማ ሰፊ ነው፣ ጥርሱ የሰው ጡጫ ያህላል።

«እሱማ የፎቶ ነው» አለ ጎሚስታው። «ወደ ውጪ ነው የሚወጣው። ከፓራፋንጎው ይህን ያህል ያልፋል» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። «ክብደቱ ሁሉ ውጪ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔት ይበላል። ጎኑም ስስ ነው፣ ጭነት አይወድም። ለከተማ ከሆነ ግን ውሰደው፤ ቆነጃጅት ዞር ብለው ያዩሃል።»

«ቆነጃጅት ጎማ አያዩም።»

«ጎማ የሌለውን ግን ጭራሽ አያዩም!»

ሽቦ እየሳቀ ወደ አያቱ ዞረ። «ፍረጂ እማዬ። የወደድኩት ያንን ነው፣ ያልሽኝን ግን ነው የምወስደው።»

አያትየዋ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ የብረቱን ዳበሱ። አውራ ጣታቸውን ጎኑ ላይ ተጫኑት፤ አልበገር አላቸው። ባላቸው በሕይወት ቢኖሩ «ይሄ ጎማ ሰው ወስዶ ይመልሳል» የሚሉት ዓይነት ነበር። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ተጫኑ። እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባላቸው። ያን ጊዜ ነገሩን በሆዳቸው ጨረሱት። በዚህኛው ከሄደ ከበር ይመልሱታል። ይናደዳል፣ ያኮርፋል፣ ደግሞ ይወጣለታል። እዚሁ ከተማ ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን እያጓጓዘ ይኖራል። ይኖራል! ሌላ ምን ፈለጉ?

«ይሄኛው» አሉ፤ እጃቸው የሚያብረቀርቀው ላይ ነበር።

ሽቦ በደስታ ግንባራቸውን ስሞ መኪናዋን ሊያስጠጋ ወጣ። ጎሚስታው ግን ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

«እትዬ... እርግጠኛ ነዎት? የት ነው የሚሠራባት?»

«እዚሁ ነው፣ ከተማ» አሉ ቶሎ ብለው። ቀና ብለው አላዩትም፤ ቢሆንም ሰውየው «አረጁ፣ ያ ሁሉ እውቀት ሄደ» እያለ በሆዱ እንዳዘነላቸው ገባቸው። ያረጀ መባል እንዲህ ያማል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ጎሚስታው አሮጌዎቹን ጎማዎች በለውጥ ተረከባቸው፤ ግድግዳው ላይ «የተገጠመ ጎማ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል።

በማግስቱ ልጁ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተመለሰ። መኪናዋን ደጅ አቁሞ ከውስጧ ሳይወርድ ብዙ ቆየ። አያቱ በመስኮት እያዩት ነበር።

«መለሱኝ» አለ ሲገባ። «በር ላይ ያለው ሰውዬ ገመድ ወጠረና ሳቀብኝ። ‹ወንድም፣ ለሥራ ነው ወይስ ለሙሽራ?› አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

አያትየዋ አፋቸው ላይ የደረሰውን «እሰይ» ዋጡት። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ላንተ ያለው አያልፍህም» አሉና ሾርባ ሊያሞቁ ገቡ። እንጀራ ፈላጊውን ልጅ ባዶ እጁን አስቀርተው፣ ምድጃው ፊት ብቻቸውን ቆመው፣ እፎይ አሉ። ልጁ ሾርባውን ሳይነካ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ውጭ እየዋለ ማታ ይመለስ ጀመር። አያቱ «ምን እያሰብክ ነው?» ሲሉት «ምንም» ይላል። አንድ ጠዋት ከወትሮው ቀድሞ ተነስቶ መኪናዋን ሲያጥብ አገኙት። ያፏጫል።

«እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ! ድርጅቱ በር ላይ የሚቆም አንድ ደላላ አለ፣ የተመለሱትን መኪኖች ነው የሚለቅመው። ከተራራው ማዶ ካለው የድንጋይ ካባ ጥርብ ድንጋይ ማውረድ ነው። እነሱ ዘንድ ገመድ የለ፣ ልኬት የለ። ጎማ አለህ? መሪ አለህ? ና ነው ያሉኝ።»

አያትየዋ የበሩን መቃን ያዙ። የድርጅቱ መንገድ እንኳ በግሬደር የተጠረገ፣ ዳር ዳሩ የተደገፈ ነው ይባላል። የማዶው ግን ያው የጥንቱ ነው። አባቱን የበላው እሱ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ በገዛ እጃቸው ገፍተውታል።

«አትሄድም።»

«ጀመረሽ።»

«ስማኝ ልጄ፣ በዚህ ጎማ ድንጋይ አይጫንም። ጎኑ ስስ ነው፣ ይፈነዳል። ኩሽኔቱን ይበላዋል።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የመረጥሽው?»

«ሆን ብዬ ነው!» አሉ መቃኑን ለቀው። «ከበር እንዲመልሱህ ብዬ ነው። ገመዱን አውቅ ነበር፣ ወተት አምጪዋ ነግራኛለች። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ክፉውን የመረጥኩልህ።»

ሽቦ ቧንቧውን ዘጋ። ከዚያ ፊቱ ላይ ሳቅ መጣ፤ ከልብ የሆነ፣ የሚያዝን ሳቅ። መጥቶ ትከሻቸውን አቀፈ።

«አይ እማዬ! ዋና እንዳልማር ወንዙ አዞ አለው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እዚያ ወንዝ ውስጥ እንኳን አዞ እንቁራሪት አልነበረም። ኳስ እንዳልጫወት ደግሞ ልብህ ደካማ ነው ብሏል ሐኪሙ አልሽኝ፤ ስንት ዓመት ልቤን ይዤ ደረጃ ወጣሁ! አሁን ደግሞ ተራው የጎማው ሆነ?»

«ይሄኛው እውነት ነው።»

«ሁሉም እውነት ነበር ስትነግሪኝ።»

«ጎሚስታውን ጠይቀው!»

«ሲገጥምልኝ ጠይቄዋለሁ። እሱም ተጠራጥሮ ነበር፤ በኋላ ግን ‹እሳቸው ነክተው ይሁን ካሉ እኔ ማን ነኝ› አለኝ። በይ ተይኝ። አንቺ የመረጥሽልኝ ጎማ እኔን አይጥለኝም።»

ለወንዙም ለልቡም የማሉበትን ያንኑ አፍ ይዘው ነው የቆሙት። ዕድሜ ልካቸውን ልጁን በፍርሃት አጥር ውስጥ አሳደጉት፤ አጥሩን መዝለል የተማረው ከእሳቸው ነው። መኪናዋ ፊት ልተኛ ብለው አሰቡ፤ አንስቶ እንደ ሕፃን አልጋቸው ላይ እንደሚያስቀምጣቸው ታያቸው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው።

የብሎን መፍቻውን ከመኪናዋ ጀርባ አወጡና ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በክንዳቸው አቅም ሳይሆን በሰውነታቸው ክብደት እየተጫኑ፣ ከጎማ ወደ ጎማ እየዳሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቁ። ከፓራፋንጎው ወጥቶ የቀረው ጎማ ትከሻቸውን ይገፋቸው ነበር።

«ተነሺ እማዬ፣ ጉልበትሽን» አለ ልጁ፤ መፍቻውን ግን አልቀማቸውም።

«ቁልቁለት ላይ ቆም ቆም በል። ቸርኬውን በእጅህ ንካው፤ ከጋለ አትንዳ። ግማሽ ብቻ ጫን። ግማሽ በላቸው፣ ሲቆጡህ ተቆጡኝ በል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፣ አድርገው!»

«እሺ አልኩ እኮ» አለና ስሟቸው ወጣ። ላይ ሆኖ በመስኮት እጁን አወዛወዘ። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ረጅም ነበረች፣ በእርግጥም አምሮባት ነበር፤ የጎማዎቿ ጥርስ ጭቃውን እየቆረጠ ወደ ሁለቱም ጎን ረጨው። መታጠፊያው ላይ ወደ ተራራው ዞረች።

አያትየዋ ጭቃ የነካውን ቀሚሳቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ክርና መርፌዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ልጁ ሥራ ጀመረ አሉ! እንኳን ደስ አለዎት። መኪናውም እንዴት አምሮበታል በዚያ ጎማ! እርስዎ ነዎት አሉ የመረጡለት።»

«አዎ» አሉ፤ ዓይናቸው መታጠፊያው ላይ ነበር። «እኔ ነኝ።»