ኳሱ የማይታይበት ቪዲዮ

ዓባይነሽ ልጇ የእጅ ኳስ በረኛ መሆኗን ያወቀችው በተላጠ ጉልበቷ ነው። ያይኔአበባ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን እያነከሰች ገባች። እናትየው ቁስሉን አጥባ ስታበቃ ከሱቋ ወፍራም ጨርቅ አምጥታ የጉልበት መከለያ ሰፋችላት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልጠየቀቻትም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፉት አንዷ እሷ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ስትውል ጨዋታ ለማየት የሚተርፍ ቀን አልነበራትም።

ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ፣ ወሩ ሚያዝያ ሲሆን፣ የስፖርት መምህርቷ ውዳሴ ወደ ሱቁ ብቅ አለች።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ እንዴት ዋሉ? አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቼ ነበር።»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ ልጅቱ ምን አጠፋች?»

«ኧረ ምንም አላጠፋች። በረኛነቷ ከእኛ ትምህርት ቤት በላይ ሆኗል ልልዎት ነው የመጣሁት። የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን ያላቸው ክለቦችና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አሰልጣኞቹ ግን እዚህ ድረስ መጥተው አያዩዋትም። እሷ ናት ልትጽፍላቸው የሚገባት።»

«ደብዳቤ?»

«ኢሜይል። በስልክ የሚሄድ ደብዳቤ ይበሉት።»

ውዳሴ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አብረዋት ኮሌጅ የተማሩትን ሁለት ወር ሙሉ ስትጠይቅ ቆይታ የሰበሰበቻቸው የስምንት አሰልጣኞች ስምና አድራሻ ነበር። ዓባይነሽ ወረቀቱን ተቀብላ በመቀሷ ስር አስቀመጠችው፤ እንዳይጠፋባት።

ማታ ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ የወደደው አባትየው ዘሩ ነበር። ዘሩ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ ሰው። እራቱን በልቶ ሳይጨርስ ንጹሕ ወረቀት አስመጣና ጻፈ። ሲያበቃ ቆሞ አነበበላቸው። «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» ብሎ ጀመረ፤ የከበረ ሰላምታውን አቀረበ፤ ስፖርት ለአገር ዕድገት ያለውን ጥቅም ዘረዘረ። የልጅቱ ስም የመጣው ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ነው። ዓባይነሽ ግን ደስ አላት። ደብዳቤ ደብዳቤ ይል ነበር።

በማግሥቱ ያይኔአበባ ወረቀቱን ለመምህርቷ አሳይታ ይዛው ተመለሰች።

«አባ፣ መምህርት ውዳሴ ራሷ ተጫዋቿ ትጻፍ አለች። አጭር ይሁን ብላለች። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ቁመቴን፣ የምጫወትበትን ቦታ፣ የትምህርት ውጤቴን፣ የእሷን ስልክ። ከዚያ ቪዲዮ።»

«ሰላምታውስ?»

«ሰላምታ አለበት። አንድ መስመር።»

«አንድ መስመር!» አለ ዘሩ። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «እሺ፣ እንዳልሽ። ብቻ የእያንዳንዱን ስም አስተካክለሽ ጻፊ። የአንዱን ለአንዱ ልከሽ እንዳታሳፍሪን፤ በዚህ የተበላሸ ስንት ጉዳይ አይቻለሁ» አላት።

የቀረው ቪዲዮው ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ግንቦት ላይ ቡሬ ሄደው ከቡሬ ልጃገረዶች ጋር የሚጫወቱት ነው። ውዳሴ ቡድኑን ስለምትመራ ስልክ መያዝ አትችልም፤ ተቀያሪዎቹም በየተራ ይገባሉ። ዓባይነሽን ለመነቻት።

«እኔ? ስልክ ማንሳትና መዝጋት እንጂ ምን አውቄ!»

«አንድ ቦታ ተጭነው መያዝ ብቻ ነው፤ እኔ አሳይዎታለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ዓባይነሽ አንድ ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ፣ የባሏን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። ልጆቹ እስከ ቡሬ ዘፈኑ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለበቆሎ የተገለበጠው ቀይ አፈር ገና እርጥብ ነበር።

ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ በአንድ በኩል የባሕር ዛፍ ጥላ አለው። ዓባይነሽ ጥላው ስር ቆመች። ፊሽካው ሲነፋ መጀመሪያ ኳሱን ልትከተል ሞከረች። ኳሱ ከእጅ እጅ ሲበር ዐይኗ ዞረባት። ሳታስበው ስልኩ ወደ ልጇ ተመለሰ፤ እዚያው ቀረ።

ልጇን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። ቤት ውስጥ ያይኔአበባ ካልጠየቋት አትናገርም። እዚህ ግን ድምፅዋ ሜዳውን ሞልቶታል። ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራች ወዲህ ቅረቢ፣ ወዲያ ሂጂ ትላለች። ኳሱ ወዲያኛው ግብ ጋ ሲሄድ አርፋ አትቆምም፤ ወደ መስመሯ ጫፍ ትወጣለች፣ ወደ ኋላዋ ትመለሳለች፣ ግቡን በመዳፏ ነካ አድርጋ ቦታዋን ትለካለች። ዓባይነሽ የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የልጅቱ እግር አስቀድሞ እንደሚሄድ አየች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። «ይቺ የኔ ልጅ ናት?» አለች ለራሷ። ክንዷ ደነዘዘ፤ ስልኩን ግን አላወረደችም።

ፍኖተ ሰላም አሥራ ስምንት ለአሥራ ሰባት ተሸነፈ።

ሲመለሱ ያይኔአበባ ስልኩን ተቀብላ ማየት ጀመረች። ትንሽ አየች፤ ወደፊት አሳለፈች፤ እንደገና አሳለፈች።

«እማ፣ ኳሱ የታለ?»

«የቱ ኳስ?»

«ኳሱ ነዋ! ያ ያወጣሁት የሰባት ሜትር ቅጣት ምት፣ ማን እንደመታው እንኳ አይታይም። ኳሱ የሚታየው እጄ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እኔ ቆሜ ነው።»

«አንቺን አይደል እንዴ ቅረጪ ያላችሁኝ?»

ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ፤ የያይኔአበባን ፊት ሲያዩ ዝም አሉ። ልጅቱ ስልኩን ለእናቷ መለሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።  ዓባይነሽ ስልኩን መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ስትል አሰበች፤ ሌላ ጨዋታ የለ፣ ከእንግዲህ ፈተና ነው።

ውዳሴም ቪዲዮውን አይታ ፀጉሯን አከክ አከክ አደረገች። «እኔ እንኳ የምታወጪያቸው ኳሶች ብቻ ተቆርጠው ቢሄዱ ነበር የፈለግሁት። ቢሆንም ከባዶ ይሻላል» አለቻት። ያይኔአበባ ሦስት ቀን አስባበት፣ በአራተኛው ቀን ስልኩን ይዛ ወደ እናቷ ሱቅ መጣች። ፊቷ ላይ ቁጣው አልነበረም።

«ላንብብልሽ?» አለቻት።

«አንብቢው እስቲ።»

«"ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ ቴዎፍሎስ። ያይኔአበባ ዘሩ እባላለሁ። የፍኖተ ሰላም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰባ አራት ነው። የእጅ ኳስ በረኛ ነኝ፤ በክፍሌ አራተኛ ወጥቻለሁ። ቡድንዎ ዐምና ባሕር ዳር ላይ ሲጫወት በረኛዋ ከግብ ክልሏ ወጥታ ኳስ ስትነጥቅ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እሱን እየተለማመድኩ ነው። የስፖርት መምህርቴን ስልክና የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ ልኬያለሁ። በአንድ ግብ ተሸንፈናል። የቀረጸችው እናቴ ናት። የተከተለችው እኔን እንጂ ኳሱን ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ኳሱ አይታይም። ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በረኛ የምትፈልጉ ከሆነ መጥቼ መሞከር እፈልጋለሁ።"»

ዓባይነሽ መኪናዋን አቁማ ነበር የምትሰማው።

«እኔን ለምን አስገባሽኝ?»

«እውነት ስለሆነ። ሲከፍቱት ግራ እንዳይገባቸው።»

«ይቅርታውንማ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ» አለች ዓባይነሽ፣ ዐይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ።

ያይኔአበባ ትንሽ አየቻት። ከዚያ በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «አውጥቼዋለሁ» አለች። «ይቅርታ የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ እማ።»

ለስምንቱም የላከችው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ቪዲዮውን መጫን ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ ስለ ቡድኑ የምታውቀውን አንድ ነገር እየለየች ጻፈች። ዘሩ ከሥራ ወጥቶ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። አራተኛው ላይ፣ «ቆይ ቆይ!» ብሎ እጇን ያዛት። አናቱ ላይ የአንዲት ሴት አሰልጣኝ ስም መኖር ሲገባው፣ «አሰልጣኝ ቴዎፍሎስ» የሚለው እንዳለ ነበር። አስተካከለችው። ዘሩ ያን ቀን ወደ ቤቱ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው።

ከዚያ በኋላ መልስ ጠፋ። አንዱ አድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰ። አንዲት አሰልጣኝ ቡድኗ በዚህ ዓመት ተጫዋች እንደማይቀበል በትሕትና ጻፈችላት። ስድስቱ ድምፃቸውን አጠፉ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ውዳሴ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺያቸው። ሁለት መስመር ይበቃል፤ እንዳትነዘንዣቸው» አለቻት። ያይኔአበባ ፈተናዋን በዚያው ሳምንት ጨርሳ ስለነበር የክፍል ውጤቷን ጨምራ ላከች።

በሦስተኛው ቀን እየሮጠች ሱቁ ገባች። ዓባይነሽ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጫፍ እያጠፈች ነበር።

«ከባሕር ዳር! አሰልጣኝ ቴዎፍሎስ!»

«ምን አለሽ?»

«ስሚ። "ያይኔአበባ፣ በመዘግየቴ አዝናለሁ። የሚደርሱኝ ቪዲዮዎች ሁሉ የተቆራረጡ ናቸው፤ በረኛዋን የማያት ኳስ ስታወጣ ብቻ ነው። ኳሱ ሌላ ቦታ ሲሆን ምን እንደምትሠራ የሚያሳይ አንድም ሰው ልኮልኝ አያውቅም። የአንቺን ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከእረፍት በኋላ ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የግራ ተከላካይዋን ጠርተሽ ምን አልሻት? ደግሞ የመጨረሻው ግብ ሲገባብሽ ጥፋትሽ ምን ነበር?"»

«ተቆጣ እንዴ?»

«አልተቆጣም እማ! የቀረጽሽውን ወዶታል።»

 ዓባይነሽ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። ልጅቱ ስትወጣ ብታየው የሱሪውን ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍታቸዋለች። ብቻዋን ሳቀች፤ ተቀምጣም መፍታት ጀመረች።

ያይኔአበባ መልሱን ያንኑ ቀን ጻፈች፤ የእናቷንም ስልክ ቁጥር ጨመረችበት። «የምትመጣብሽ ልጅ ግራኝ ናት፤ የግራ እጇን ዝጊባት ነው ያልኳት» አለች። ስለ ግቡም፣ «ኳሱ ከእጇ ሳይወጣ ቀድሜ ወደቅሁ። ቸኮልኩ» ብላ ሳትደብቅ ተናገረች።

ሳምንት ሳይሞላ አሰልጣኙ ደወለ፤ ወደ እናትየው ነው የደወለው። ሐምሌ ላይ ለዐሥራ ሁለት ቀን ልምምድ ሊጠራት እንደሚፈልግ፣ ልጅቱ ገና አሥራ ስምንት ስላልሞላት ግን የወላጅ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገራት። ዓባይነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የት ነው የምታድረው?»

«ከሌሎቹ ልጃገረዶች ጋር ነው፣ እናቴ። ግቢው አጥር አለው።»

«ሴት አለ ከእነሱ ጋር?»

«ምክትሌ ሴት ናት። ላገናኝዎት።»

ወለተ ሐና የምትባል ሴት ስልኩን ተቀበለችና ከልጆቹ ጋር አብራ እንደምታድር ነገረቻት። ዓባይነሽ ምግቡን፣ መኝታውን፣ ብትታመም የት እንደምትታከም አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሴትዮዋም ሳትሰለች መለሰችላት። በመጨረሻ ስልኩ ወደ አሰልጣኙ ሲመለስ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ልጄ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም» አለችው።

«እኔም ከዚያ በፊት አልወስዳትም» አላት ሰውዬው።

ዘሩ በዱርቤቴና በመራዊ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ፣ ግቢውን ዞሮ አይቶ፣ አድርሷት ተመለሰ። ዐሥራ ሁለቱ ቀን ለዓባይነሽ ረጅም ነበር። ልጅቱ የምትደውለው ምሽት ላይ ነው፤ ደክሟት ብዙም አታወራ።

የተመለሰችው ዶፍ በሚወርድበት ቀን ነው። ከቀድሞው ከስታለች፤ የቀኝ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ገና ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። ለቡድኑ ገና አልደረሰችም። ክለቡ ሁለት በረኞች አሉት፤ ሁለቱም ከእሷ ይበልጣሉ። አሁንም ቀድማ የመውደቅ ልማዷ አልለቀቃትም። አሰልጣኙ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን እንደጨረሰች እንድትመጣ፣ እስከዚያው በየወሩ የተለማመደችውን እንድትጽፍለት ነግሯታል።

«እና አልተቀበሉሽም ማለት ነው?» አለ ዘሩ።

«ተቀብለውኛል፣ አባ። ለሌላ ዓመት ነው።»

ዓባይነሽ የልጇን ፊት አየች። ያዘነ ፊት አልነበረም። ደረቅ ልብስ አቀበለቻትና፣ «ጣትሽን ማን አሠረልሽ?» ብላ ጠየቀች። «ወለተ ሐና» አለች ያይኔአበባ። ዓባይነሽ ፋሻውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ በደንብ ታስሯል።

በማግሥቱ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ልጅቱ ኳሷን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወረደች። ዓባይነሽም ሱቋን ከፈተች። የመስከረም ዩኒፎርም ትዕዛዝ መደራረብ ጀምሯል።