የገላኔ ክርን

«ባሏን ለብቻው አስተኝታ፣ ጠዋት ሬሳ ቀሰቀሰች» አለች እትዬ አሰገደች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ሐዘንተኛዋ እንዳትሰማ ሳይሆን፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ጠጋ እንዲሉ ነበር።

ሌንሳ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችው ማለት አይቻልም፤ ጣለችው። ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ።

«እትዬ አሰገደች፣ እስቲ ይድገሙት።»

«ምኑን ልጄ?»

«አሁን ያሉትን። እናቴ እዚያ ጥግ ናት፤ ጆሮዋ ደህና ነው።»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ! ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ያወራል።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የጉተማ ሠልስት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እድሩ ድንኳኑን ይነቅላል፤ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ወሬውም አብሮት ይሄዳል። ሌንሳን ያንገበገባት ይህ ነው። ነገ በለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሙሉ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ታክሲ ተራው፣ እናቷ ገላኔ ባሏን ለሞት ትታ የሄደች ሴት ትባላለች። ገላኔ ደግሞ አትከራከርም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ለምን ክፍል ቀየርሽ ሲሏት መልሷ አንድ ብቻ ነው፤ «እንዲያርፍ ብዬ።»

ጉተማ ሲያንኮራፋ ለጎረቤት ይሰማ ነበር። በሌንሳ ልጅነት የቤቱ ቀልድ ይኸው ነበር። ከግድግዳው ማዶ ማንኮራፋቱ ይነሳል፣ ያድጋል፣ ድንገት ቁርጥ ይላል። ቀጥሎ ዱብ የሚል የክርን ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ የእናቷ «ጉተማ!» የሚል ድምፅ። ከዚያ እሱ ከውሃ እንደወጣ ሰው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይስባል፤ ማንኮራፋቱም ይቀጥላል። ልጆቹ ብርድ ልብሱን ነክሰው ይስቁ ነበር። ጠዋት ጉተማ ጎኑን እያሸ ይወጣል። «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን የጎን አጥንቴን ትሰብራለች!»

ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ላም ሲያልብ ግንባሩን ሆዷ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል። እድር ስብሰባ መሃል እጁን እንዳወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። የጥጋብ እንቅልፍ ነው ይሉታል፤ መሬቱ ለሕንጻ ሄዶ አራት ላም ብቻ የቀረው ሰው የምን ጥጋብ እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። የዛሬ ሁለት ዓመት በረት ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ልቡ ምቷን እየሳተች ነው ተባለ፤ ከግራ ትከሻው በታች፣ ከቆዳው ሥር፣ የልብ ምት የምታስተካክል ከክብሪት ሣጥን ያነሰች መሣሪያ ተቀመጠችለት። ሰው ሁሉ «ባትሪ» ነው የሚላት። ሲያገግም ጉተማ ራሱ አፌዘባት፤ «መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር መብራት ሲጠፋ፣ የማልጠፋው እኔ ብቻ ነኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ የጉተማ ስልክ ጠራ። ሌንሳ ጓዳ ገብታ አነሳችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ጉተማን ፈልጌ ነበር። ዚነት እባላለሁ፤ ከልብ ክሊኒኩ ነው፣ ባትሪያቸውን የማነብላቸው። ዛሬ ቀጠሮ ነበራቸው።»

«አባቴ ዐርፏል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

«ፈጣሪ ያጽናችሁ። የእንቅልፍ ምርመራውን ሳያደርጉ ነው?»

«የምን የእንቅልፍ ምርመራ?»

ዚነት መናገር የጀመረችውን ልትመልሰው አልቻለችም። የአባቷ መሣሪያ የልብ ምት ብቻ ጠብቆ አይተኛም፤ የደረትን እንቅስቃሴም ይከታተላል፤ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይመዘግባል። ከሦስት ወር በፊት ሲነበብ በአንድ ሰዓት አርባ ሁለት ጊዜ የሚል ወጥቶ ነበር።

«ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም» አለች ዚነት። «በምርመራ ከተረጋገጠ ግን ሲተኙ የሚያደርጉት አየር የሚገፋ ጭምብል አለ። ብዙ ሰው ይረዳል።»

«ለአባቴ ነገራችሁት?»

«ልንነግራቸው ስንል ወንድማቸው አቶ ደገፋ ለብቻ ጠሩን። ይደነግጣል፣ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አሉ። ወረቀቱንም ወሰዱ።»

«እናንተስ እሺ አላችሁ?»

«ሁሉም ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚለን» አለች ዚነት፣ ድምፅዋ እያነሰ።

ሁሉም ቤተሰብ! ሰው ሲሞት በእድር ጡሩንባ ሰፈር እናስነሳለን። በሕይወት ሳለ ሊያተርፈው የሚችለውን አንድ ቃል ግን «እንዳይደነግጥ» ብለን አጥፈን ኪሳችን እንከታለን። ከዚያ ለቅሶው ላይ ደረት እንደቃለን። ሌንሳ ይህን ለማን ትጩኸው? ያቺ ባትሪ አሁን አፈር ውስጥ፣ የማይሰማትን ልብ እየነካች ናት። ማንም ሳይደብቅባት ትመዘግብ ይሆናል፤ ትንፋሽ የለም፣ ትንፋሽ የለም።

ደገፋን ከድንኳኑ ጀርባ፣ ለላሞቹ ድርቆሽ ሲያቀርብ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«ዚነት ደወለች።»

ደገፋ እጁን በኮቱ ጠረገ። ከውስጥ ኪሱ ታጥፎ ታጥፎ ዳሩ ያለቀ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

«ልነግረው ነበር። ጾሙ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ፋሲካን ደስ ብሎት ይዋል አልኩ። ባትሪ ይገባልሃል የተባለ ጊዜ ሳምንት እህል አልቀመሰም እኮ፤ ረሳሽው? ላሞቹን ለማን እንደሚሰጥ ሲናዘዝ አልነበር? ትንፋሽህ ይቆማል ልበለው?»

«አዎ! እንደዚያ ይበሉት!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። እንቅልፉ የተረበሸ ነው አሉኝ፤ ገላኔ በክርኗ ስትቀሰቅሰው ታድራለች። ሌላ ክፍል ተኚ፣ ይረፍበት አልኳት።»

ሌንሳ የበረቱን አጥር ያዘች።

«እርስዎ ነዎት ያስወጧት?»

«ለእሱ ብዬ ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ እናቴን ሲበሏት፣ ይህን እያወቅህ ሰምተህ ዝም አልህ?»

አጎቷን «አንተ» ብላ አታውቅም ነበር። ደገፋ በጥፊ የተመታ ያህል ቀና አለ።

«ድንኳኑ ሳይነቀል ትናገራለህ» አለችው። «ካልተናገርህ እኔ ቆሜ ወረቀቱን አነበዋለሁ።»

«ሌንሳ! የአባትሽ ወንድም ነኝ።»

«ለዚያ ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሰጠሁህ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የእድሩ ዳኛ አቶ ነገሪ አጨበጨበ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ደፉ። ሴቶቹም ወደ በሩ ወጡ። በቤተሰቡ ስም ምስጋና የሚያቀርበው ደገፋ ነው። ሌንሳ ወረቀቱን ይዛ ከድንኳኑ አፍ ቆመች።

«በእግራችሁ መጥታችሁ፣ ከእኛ ጋር መሬት ላይ የተቀመጣችሁ…» አለ ደገፋ። የተለመደውን ቃል በተለመደው ዜማ ሄደበት። «ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን» ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቀመጥ ነው። አልተቀመጠም። ሌንሳ የወረቀቱን አንድ እጥፋት ፈታች።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ደገፋ። «ገላኔ ከባሏ አልጋ በራሷ አልወጣችም። ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ሲተኛ ትንፋሹ እንደሚቆም ባትሪው አሳይቶ ሐኪም ነግሮኝ ነበር። ለእሱም አልነገርኩ፣ ለእሷም አልነገርኩ። ስሟን የምታነሱ ካላችሁ፣ የእኔን አንሱ።»

ተናግሮ ቁጭ ሳይል ከድንኳኑ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። እትዬ አሰገደች ዓይኗን የወንበር እግር ላይ ጣለች።

ሌንሳ አሸንፌያለሁ ብላ ወደ ቤት ሮጠች። ገላኔ መስኮቱ ሥር ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማ፣ ሰማሽ? ስምሽን…»

«እኔ እኮ ሲያንኮራፋ አልነበረም የምነካው» አለች ገላኔ። «ሲያንኮራፋማ ደስ ይለኛል። ዝም ሲል ነው።»

ሌንሳ በቆመችበት ቀረች። የእናቷን ስም ልታጥብ የሮጠችበት እውነት፣ ባሏን በሕይወት ያቆየው ክርኗ እንደነበር ለእናቷ ነገራት። ምነው ይህን እንኳ ደብቄያት በነበር ብላ ተመኘች። ለአንድ አፍታ ደገፋ ገባት፤ ስለገባትም ተናደደች።

«ወረቀቱ ስንት ጊዜ ይላል?» አለች ገላኔ።

መዋሸት ይቻል ነበር።

«በሰዓት አርባ ሁለት።»

ገላኔ በጣቶቿ የምታሰላ መሰለች። «እኔ የነካሁት ከዚያ ያንሳል። እንቅልፍ ይወስደኝ ነበራ።»

ውጭ ወንዶቹ የድንኳኑን ካስማ ይነቅላሉ። ገላኔ በሦስት ቀኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም አለች፤ እንደ ልማዷ ከፍራሹ ዳር፣ ወደ ግድግዳው በኩል ለሌላ ሰው ቦታ ትታ። የከሰዓቱ ፀሐይ እግሯ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የገላኔ ክርን ተነሳና ባዶውን ቦታ ነካ አደረገ። ጠበቀች። ግንባሯ ተቋጠረ። እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ ነካችው።

ሌንሳ ጫማዋን አወለቀች። በእናቷ እግር በኩል ተሻግራ በግድግዳውና በእናቷ መካከል ገብታ ተኛች። ሦስተኛው ክርን ጎኗ ላይ ዐረፈ፤ አመማት። አፏን ከፍታ፣ እናቷ እንድትሰማ አድርጋ፣ በኃይል ተነፈሰች።