እሁድ የማይታመመው መኪና

መኪናዬ መንቀጥቀጥ የጀመረው በፈረንጆቹ 2007፣ ኦገስት ላይ ነው። ያኔ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ፓርኪንግ በር ከፋች ነበርኩ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሌሊት ተነስቼ በሩን ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መክፈት አለብኝ። ካልከፈትኩ መኪኖቹ እስከ ዋናው መንገድ ይሰለፋሉ፤ ባለመኪኖቹ ደግሞ አብዛኞቹ ጠበቆች ናቸው። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ አርፍጄ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈርሜያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ሦስተኛ ደብዳቤ እንደሌለና ዩኒፎርሜን አስረክቤ እንደምሰናበት በትህትና ነግሮኛል።

የመኪናው ሕመም እንዲህ ነው። ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው፣ ቆሞ የሚዞረው ዙሩ፣ አይረጋም። ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፤ ከኮፈኑ ስር «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ የቀኙን ጠርዝ ይዤ ስጎተት የቆሻሻ መኪና እንኳ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስወጣ ግን ምንም የለውም። መካኒክ ጋ የምደርሰው ደግሞ ከሥራ ስወጣ ነው።

ታኮማ ፓርክ ያለው መካኒክ ኮምፒውተር ሰክቶ ጤነኛ ነው አለኝ። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ ንጉሡ ነዳጅ ቀይር አለኝ፤ ቀየርኩ። ካንዴላ ቀይር አለኝ፤ ቀየርኩ። በመጨረሻ መኪና ቀይር አለኝና ከዚያ በኋላ ምክር መጠየቅ ተውኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ አለች። እናቴ ወይዘሮ ውብነሽ ከአገር ቤት የመጣችው በሚያዝያ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ ይልቅ ጸበሉ ይከብድ ነበር። አምስት ሊትር ጀሪካን፣ በሦስት ፌስታል የታሰረ። ጸበሉ ለጉልበቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ እኛ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ሲሆን ሊፍት የለንም። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት እኔ ልብሴን ስለብስ ቀድማኝ ትወርድና መኪናው አጠገብ ቆማ ዳዊቷን ትደግማለች። ስደርስ «በሰላም ግባ» ትለኛለች። ተይ ብላት አልሰማ አለች።

የመኪናውንና የደብዳቤዎቹን ነገር ስነግራት «የሰው ዓይን ነው» አለች። የ91 ሞዴል መኪና ነው። ኮፈኑ ተገጭቶ አልዘጋ ስላለ በላስቲክ ገመድ ነው ያሰርኩት። የማን ዓይን እንዳረፈበት ልጠይቃት አልኩና ተውኩት።

ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ጠዋት ገና እያመመው ጋሽ ከፈለ ጋ ወሰድኩት። ጋሽ ከፈለ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አውቶቡስ ይጠግኑ ነበር፤ አሁን አሌክሳንድሪያ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ኮምፒውተር አይሰኩም፤ ይጠይቃሉ።

«መቼ መቼ ነው የሚያመው?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«ሲዘንብ ይብስበታል?»

«ዝናብማ ከጣለ ወሩ፣ ጋሼ።»

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ። እሁድ ሲቀር።»

እጃቸውን የሚጠርጉበትን ጨርቅ አስቀመጡ። «መኪና እሁድን አያውቅም» አሉ። «እሁድ ምን የተለየ ነገር አለ?»

«ምንም። ቤተክርስቲያን ነው የምንሄደው። እናቴ አብራኝ ትወርዳለች።»

«በሌላው ቀንስ?»

«ቀድማኝ ትወርዳለች።»

ጋሽ ከፈለ ሞተሩን አጠፉና ኮፈኑን ከፈቱ። የካንዴላውን ገመዶች አንድ በአንድ ነቀሉ። ከሁለተኛው ጫፍ ውሃ ተንጠባጠበ። ወረቀት ጠቅልለው ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ሰደዱት፤ ርሶ ወጣ። አሸተቱት።

«ከራዲያተር ቢሆን አረንጓዴ ነበር» አሉ። «ይህ ንጹህ ውሃ ነው፤ ከላይ ነው የፈሰሰው። ውሃው ኤሌክትሪኩን ይሰርቀዋል፤ ጣ ጣ የሚለው እሱ ነው። ሞተሩ ሲግል ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ከሰዓት ደህና የሚሆንልህ።» ቀና ብለው አዩኝ። «እናትህ ጸበል ይዘው መጥተዋል?»

«አምስት ሊትር።»

ጋሽ ከፈለ አልሳቁም። «የኔ አማት ራዲያተሩ ውስጥ ነበር የሚጨምሩት» አሉ። «እሱስ ባልከፋ።»

የራሰውን ወረቀት ወደ ቆሻሻው ሊጥሉት ሲሉ እጃቸው ተመለሰ። ከጋራዡ ጀርባ እግር የማይረግጠው ዛፍ ስር ወስደው አስቀመጡት። ከዚያ ጉድጓዶቹን አደረቁ፣ የገመዶቹን የተሰነጣጠቁ የጎማ ቆቦች ቀየሩ።

«ትነግራቸዋለህ?»

«ሥራዬኮ ነው ጋሼ። አንዴ ካረፈድኩ አበቃ።»

«እሱማ ገብቶኛል። እንዴት ብለህ ነው?»

ቤቴ እስክደርስ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ከሥራ ለመባረር በቋፍ ላይ እያለሁ የገዛ እናቴ በየጠዋቱ ሞተሬን ታጠምቃለች። የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፤ ረጅም ነበር፣ ሁለት ቦታም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እቤት ስገባ ጸሎት ላይ ነበረች። እሁድ ደግሞ እሁድ ነው፤ በሰንበት ጠብ አላነሳሁም።

ሰኞ ጠዋት ግን ሳልታጠብ ተከትያት ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከኋላዋ ደረስኩ። በጎን ነበር የምትወርደው፤ ሁለት እጇ ብረቱን ይዞ፣ አንድ እግሯን አውርዳ ሌላውን እስክታመጣ ቆማ እያቃሰተች። ውሃ የያዘው ሃይላንድ በብብቷ ነው። አንድ ደረጃ፤ ዕረፍት፤ አንድ ደረጃ። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ።

መኪናው ጋ ደርሳ ገመዱን ፈታች፣ ኮፈኑን አነሳች።

«እማዬ።»

ሃይላንዱን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«መኪናው ድኗል» አልኳት። «ቅዳሜ ተሠራ።»

«ተመስገን! ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃ ገብቶበት ነው።»

«ከየት መጥቶ?»

«ዝናብ» አልኳት።

ሰማዩን አየች። ከዚያ ሞተሩን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋ ስር ያለውን። ነገሩ ፊቷ ላይ ሲደርስ አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

«ሁለቱ ደብዳቤ… በኔ ነው?» አለች።

ኮፈኑ እንዳይወድቅባት ደገፍኩት።

«አንድ የመኪና አደጋ በቴሌቪዥን ካየሁ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ነበር የምረጨው። ሲንቀጠቀጥብህ ጊዜ ጨመርኩለት።»

«ለጉልበትሽ የመጣውን?»

«ጉልበቴማ የት ይሄዳል፣ ሙሌ? የምትሄደው አንተ።»

እንባዬ መጣ። ሃይላንዱን ተቀበልኳት፤ ግማሽ ነበር። ጀሪካኑ አልቆ የመጨረሻዋ መሆኗን ያኔ ነገረችኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ረፍዷል። ኮፈኑን አሰርኩና ደግፌያት ወደ ላይ ወጣን፤ በእሷ እርምጃ ሦስት ፎቅ፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ ደረጃ። ሂድ፣ ያባርሩሃል እያለች ትገፋኛለች፤ ደረጃው መሐል ጥያት የምሄድ ይመስል።

በሩ ላይ ሃይላንዱን መለስኩላት። «ይችን ለጉልበትሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ «በስመአብ» ብላ ያለውን ሁሉ አናቴ ላይ ደፋችው። ለጉልበቷ ጠብታ አላስቀረችም።

መኪናው በየመብራቱ እንደ ጨዋ ቆመ። ሱፐርቫይዘሬ የስንብት ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ሰዓቱን አየ፣ የሚንጠባጠበውን ሸሚዜን አየ።

«እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?» አለኝ።

«ዘንቦ ነበር» አልኩት። «አሁን አቁሟል።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔም በሩን ከፈትኩ።