የመስኮቱ ዳር ቦታ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል ያገሬ ሰው። ሐሚዳ አላጣችም፤ እኔ ነበርኩላት።

በ1977 ዓ.ም. ቦሌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እሷ ከደሴ ተዛውራ እስክትመጣ ድረስ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ፣ አለም ግርማይ፣ ነበርኩ። አባቴ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አንደኛዋ ልጄ» እያለ ያወራልኝ ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሐሚዳ በሁለት ነጥብ በለጠችኝ። አባቴ ካርዴን አይቶ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስኳር ለመግዛት የምትሰለፈው እናቴ ሆነች።

እውነቱን ልናገር፤ ጠላኋት። ደብተሮቿን በጋዜጣ መሸፈኗን ጠላሁ፤ መምህር ዘርአጽዮን ስሟን ሲጠሩ ቀስ ብላ መነሳቷንም ጠላሁ። ይባስ ብሎ ለእኔ ጥሩ ነበረች።

የኬሚስትሪው የተግባር ፈተና ሃያ ነጥብ ይይዛል። ቀለም የሌላቸው ሁለት ፈሳሾች ይሰጡናል፤ አንዱ ሳቹሬትድ፣ ሌላው አንሳቹሬትድ ሃይድሮካርቦን ነው። ቢጫማ ብሮሚን ውሃ ጨምረን መለየት አለብን። አንሳቹሬትዱ ደብል ቦንድ ስላለው ብሮሚኑን ወዲያው ይቀበለዋል፤ ቀለሙም ይጠፋል። ሳቹሬትዱ ግን ስሙ እንደሚለው የጠገበ ነው፤ ብሮሚኑን አይነካውም፣ ቀለሙም እንዳለ ይቆያል።

ደብተራችን ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ሳምንት ቀደም ብሎ ስለማመድ ቴስት ቲዩቡን መስኮት ላይ ረስቼው፣ ፀሐይ ስትመታው የጠገበውም ቀለሙን ለቀቀ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በፈተናው ቀን የእኔ ቦታ መስኮቱ ዳር፣ የሐሚዳ ደግሞ ጨለም ያለው ጥግ ሆነ። የጠዋቷ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች። ጠጋ ብዬ፣ እኔ ቦታ ብርሃን ስላለ ቀለሙ ደህና አድርጎ ይታይሻል፣ እንቀያየር አልኳት። አመስግናኝ ዕቃዋን አነሳች።

ከጥጉ ሆኜ ጠበቅኳት። አንደኛው ቴስት ቲዩብ ወዲያው ነጣ። ቆይቶ ቆይቶ ሁለተኛውም ነጣ። ሐሚዳ ግራ ተጋብታ ሁለቱን እያፈራረቀች ስታይ ደስ አለኝ፤ እንዳያዩብኝ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። ቀና ስል ሁለተኛውን እንደ አዲስ ሠርታ በሹራቧ ጠቅልላዋለች። ጥቂት ቆይታ ገለጥ አደረገችው፤ ቢጫው እንዳለ ነበር።

መምህር ዘርአጽዮን ወረቀቷን ለክፍሉ አነበቡልን። የመጀመሪያው በራሱ፣ ሁለተኛው ግን በፀሐይ ጉልበት ብቻ ቀለሙን እንደለቀቀ ጽፋለች። ሃያ ከሃያ ሰጧት። እንዴት ልብ እንዳለችው ሲጠይቋት ወደ እኔ ጠቆመች።

«አለም ቦታዋን ባትለቅልኝ ኖሮ አላየውም ነበር።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አለም፣ ፀሐይ እንዲህ እንደምታደርግ ታውቂ ነበር? ቀድመሽ ያገኘሽው አንቺ ከሆንሽ ሦስት ነጥብ እጨምርልሻለሁ።»

ሦስት ነጥብ በዓመቱ ድምር አንደኝነቴን ይመልስልኝ ነበር። «አዎ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ሐሚዳ ፈገግ ብላ ታየኛለች። አዎ ካልኩ ቦታውን ለምን እንደለቀቅኩላት እዚያው ይገባታል።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።